አማዞን አንበሳ የለውም፣ ስሎዝም ሰነፍ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ስለ ሞቃታማ የዝናብ ደን እንስሳት፣ በተለይም ስለ አማዞን ነው የሚያወራው። መግቢያው ላይ ጎፈሬው የተንዠረገገ አንበሳ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር ቆሞ ይታያል። ከፎቶው ሥር «የአማዞን ንጉሥ» ተብሎ ተጽፏል።

እኔ ጋ የደረሰው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። ገና 11 ዓመቱ ነው። ፈዞ ሲያነብ ቆየና ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ታዲያ ይሄን ጫካ ለምን ጨፍጭፈው አይገላገሉም?» አለኝ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ጽሑፉ የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም መጥረቢያ አቀብል ነበር። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ደኑ በአውሬ የተጨናነቀ ነው፤ ንጉሡም አንበሳ ነው። ስሎዝ የሚባለው እንስሳ ተፈጥሮ የተሳሳተችበት ሰነፍ ነው። ፒራኛ የተባለው ዓሣ ሰውን በደቂቃ ውስጥ አጥንት ያስቀረዋል። ባለ ቀለሟን እንቁራሪት የነካ ይሞታል። አናኮንዳ ሰው ይውጣል። በቀቀኖቹ ሳይቀሩ የሚበሉት አጥተው አፈር ይበላሉ። መዝጊያው ደግሞ «ደግነቱ እኛ አገር እንዲህ ያለ ጫካ የለም» የሚል ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ብዕራቸው ጣፋጭ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከጻፏቸው ነጥቦች ውስጥ ሳይነካ የሚቆም አንድም የለም። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው። እኔን የበለጠ ያስቸገረኝ ግማሽ እውነቱ ነው።

ከአንበሳው ልጀምር። አማዞን ውስጥ አንበሳ የለም። ደቡብ አሜሪካን ብታስሱ አንበሳ የምታገኙት አጥር ውስጥ ብቻ ነው። የዚያ ደን ትልቁ ድመት ጃጓር ነው። በሩቁ ሲያዩት ነብር ይመስላል፤ ግን ደንደን ያለ ነው፣ ዋናም ይችላል። ካይማን የሚባለውን የአዞ ዘመድ ጭንቅላቱን ነክሶ ይገድላል። አንበሳ በጥቅሉ የሣር ሜዳ እንስሳ ነው። ግርግሩ የመጣው ከቃሉ ሳይሆን አይቀርም። ፈረንጆቹ «የጀንግል ንጉሥ» ይሉታል። ጀንግል ከሕንድ የመጣ ቃል ነው፤ መነሻው ላይ ደረቅና ያልታረሰ መሬት ማለት ነበር እንጂ ጥቅጥቅ ደን ማለት አልነበረም። እኛም «የዱር አራዊት ንጉሥ» ስንል ዱር ማለት ደን ብቻ አይደለም። ፎቶውን ግን ኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱ ላይ ያልተጠበቀ ነገር አለ።

አሁን ወደ ስሎዝ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ስም ማጥፋት ነው።

ስሎዝን ለማያውቅ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ዛፍ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ቀርፋፋ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ የሚመስል እንስሳ ነው። ጸሐፊው «በቀን 20 ሰዓት ይተኛል» ብለዋል። ይህ ወሬ ሥር የሰደደው አጥር ውስጥ የሚኖሩትን በማየት ነው። የሚበላው ተቆርጦ የሚቀርብለት፣ አዳኝ የሌለበት እንስሳ ቢተኛ ምን ይገርማል? እ.ኤ.አ በ2008 የወጣ ጥናት ግን ወደ ደኑ ሄደ። ተመራማሪዎቹ ፓናማ ውስጥ ባለ ሦስት ጣት ስሎዞች ጭንቅላት ላይ ትንሽ መሣሪያ አድርገው የአንጎላቸውን ሞገድ ለኩ። ውጤቱ በቀን 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ይህን የሚያህል እንቅልፍ የሚተኛ ሰው እኔም ሰፈር ሞልቷል።

«ተፈጥሮ የተሳሳተችበት» የሚለውም አዲስ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ተፈጥሮ አጥኚ ቡፎን ስለ ስሎዝ ያለው ይህንኑ ነው። አንድ ጉድለት ቢጨመርበት በሕይወት ሊቆይ ባልቻለ ነበር የሚል ፍርድ ሰጠበት። ቡፎን ደቡብ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ እኛም ያንኑ ፍርድ እየደገምን ነው።

እንስሳው ቀስ የሚለው ምግቡ ስለሚያስገድደው ነው። ባለ ሦስት ጣቱ የሚበላው በአመዛኙ ቅጠል ነው። ቅጠል ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ድግስ ይመስላል እንጂ ጉልበት የለውም። ጠንካራ ነው፣ ብዙው መርዝ አለበት። አንድ ጉርሻ ቅጠል በስሎዝ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። እንዲህ ያለ ገቢ ያለው ፍጡር መሮጥ አይችልም፤ አቅሙ አይፈቅድም። ስለዚህ ወጪውን ቀነሰ። ጡንቻው ትንሽ ነው። የሰውነቱ ሙቀት እንደ አየሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው ታክሲ ትቶ በእግሩ ሲሄድ ሰነፍ የሚለው አለ?

ቀርፋፋነቱ ደግሞ መደበቂያው ነው። ዋነኛ ጠላቱ ሃርፒ የሚባለው ግዙፍ ንስር ነው። ንስር ቶሎ የሚያየው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ስሎዙ እንደ ቅጠል ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ጸጉሩ ላይ አልጌ ስለሚበቅልበት አረንጓዴ ይሆናል። እዚያው ጸጉሩ ውስጥ የእሳት እራት የመሰሉ ትንንሽ ነፍሳት ይኖራሉ። በሳምንት አንዴ ገደማ ከዛፉ ወርዶ፣ መሬት ላይ ይጸዳዳና ተመልሶ ይወጣል። ነፍሳቱም በዚያች ቅጽበት እንቁላላቸውን ኩሱ ላይ ይጥላሉ። ለሕይወቱ አደገኛ የሆነችውን ይህችን ጉዞ ለምን እንደሚያደርጋት ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ሆኖ ይለቀው ነበር፤ ማን ከልካይ አለው?

ይህን ያህል ያወራሁት ለስሎዙ ጥብቅና ቆሜ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ያመለጣቸው ትልቁ ነገር እዚህ ስላለ ነው። የዝናብ ደን ለምለም ነው፤ ግን ለምለም ማለት ጥጋብ ማለት አይደለም። የአማዞን አፈር በብዙ ቦታ ደሃ ነው። ቅጠሉ መርዛም ነው፤ ፍሬው ወቅት ይጠብቃል፤ ጨው የለም። ኑሮ ውድ ነው። አስፈሪ ወይም አስቂኝ የተባሉት እንስሳት አብዛኞቹ የሚያደርጉት ያንን ኑሮ መግፋት ነው።

አፈር የሚበሉትን በቀቀኖች ውሰዱ። ጽሑፉ ላይ ያለው የእነሱ ፎቶ በእርግጥ እውነተኛ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ፔሩ፣ ታምቦፓታና ማኑ በሚባሉት አካባቢዎች፣ ማካው የሚባሉ ትልልቅ በቀቀኖች ጠዋት ጠዋት በመቶዎች ተሰብስበው የወንዝ ዳር ገደል ይቧጥጣሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤ ገደሉ ሰርግ ቤት ይመስላል። ጸሐፊው «ርሃብ ነው» አሉ። አይደለም፤ የሚፈልጉት ጨው ነው። በፍሬ ውስጥ ያለውን መርዝ ለማርከስ ነው የሚል ሐሳብም ለረጅም ጊዜ ሲነገር ነበር። ይበልጥ ማስረጃ ያለው ግን የጨው ነገር ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለደኑ ጨው የሚያመጣለት ከባሕር የሚነሳው ዝናብ ነው። ነፋሱ የሚመጣው ከአትላንቲክ ነው። ደመናው ወደ ምዕራብ በገፋ ቁጥር ጨውን እያራገፈ ይሄዳል። ፔሩ ሲደርስ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ የተረፈው ከምንም አይቆጠርም። ፓስፊክ ቅርብ ነበር፤ ግን አንዲስ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት መሃል ላይ ተጋርዷል። ስለዚህ በዚያ አገር ሁሉም ጨው ያሳድዳል። ቢራቢሮዎች ግንድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎች ዓይን ላይ ሰፍረው እንባቸውን ይጠጣሉ። ተመራማሪዎች ስኳርና ጨው አቅርበው ጉንዳኖችን ሲፈትኑ፣ ከባሕር በራቁ ቁጥር ጨው የሚመርጡት በዝተው ተገኝተዋል። ጉንዳን ስኳር ትቶ!

ለእኛ ይህ ሊገርመን ባልተገባ ነበር። ከብቱን ሆራ የሚያወርድ፣ ቦሌ የሚባለውን አፈር እየገዛ የሚያልስ አርሶ አደር ያለበት አገር ሰዎች ነን። ላሟ አፈር ስትልስ አይቶ «ሣር አጥታ ነው» የሚል እረኛ የለም።

ስለ ፒራኛ ጸሐፊው የጻፉት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ወሬ ነው። ወሬውን በዓለም ላይ የነዛው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። እ.ኤ.አ በ1913 እና በ1914 ብራዚል ውስጥ ተጉዞ ሲመለስ፣ ፒራኛን የዓለም እጅግ ጨካኙ ዓሣ አድርጎ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው?

ጥርሱ እንደ ምላጭ ነው፤ ይህ ሐቅ ነው። የሞተ ሥጋ ካገኘ ይቦጫጭቃል። ግን አማዞን ዳር የሚኖሩ ሰዎች ወንዙ ውስጥ ይታጠባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ። ፒራኛውን ራሱን አጥምደው ሾርባ ይሠሩበታል። ሰው መንከሱ አይካድም። ለምሳሌ በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ግዛት፣ ወንዝ ተገድቦ ውሃው በተኛባቸው ቦታዎች የተነከሱ ዋናተኞች አሉ። ንክሻው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እግር ላይ። ዓሣው እንቁላሉን ሲጠብቅ ሰው ይረግጥበታል፤ ይነክሳል። ዶሮም ብትሆን ጫጩቶቿን ስትነኩባት ዝም አትልም።

በመንጋ የሚሄዱትስ? ጸሐፊው «እንደ ጦር ሠራዊት» ብለዋል። ብራዚል ውስጥ ማሚራዋ በሚባል ጥብቅ ደን የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ተቃራኒውን ነው። ፒራኛ የሚሰበሰበው ስለሚፈራ ነው። ካይማኑ፣ የወንዝ ዶልፊኑ፣ ወፉ ሁሉ ይበላዋል። መንጋው ለማደን ሳይሆን ላለመታደን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የፒራኛን ዘመድ ታምባኪን ባለማወቃቸው አዝኛለሁ። ይህ ዓሣ እስከ 30 ኪሎ ይደርሳል፤ የሚበላው ደግሞ የዛፍ ፍሬ ነው። የአማዞን ወንዞች በየዓመቱ ሞልተው ደኑን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው በአንዳንድ ቦታ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ያኔ ዓሣዎቹ በዛፎቹ መካከል እየዋኙ የሚወድቀውን ፍሬ ይለቅማሉ። ፍሬውን በሆዱ ይዞ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይጥለዋል፤ ዘሩም ውሃው ሲጎድል ይበቅላል። ዛፍ የሚተክል ዓሣ እያለ ስለ ነካሹ ብቻ መጻፍ ምን ይባላል?

እንቁራሪቷ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በኮሎምቢያ የፓስፊክ ዳርቻ የምትገኝ አንዲት ቢጫ እንቁራሪት አለች። አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ቆዳዋ ላይ ያለው መርዝ ብዙ ሰው ለመግደል ይበቃል። የአካባቢው ኤምቤራ ሕዝቦች በቧንቧ እፍ ብለው የሚያስወነጭፉትን ትንሽ ቀስት ጫፉን ጀርባዋ ላይ አሽተው ያድኑበት ነበር። እሷን መንካት አይገባም፤ ተስማምተናል። ግን የዚህ ቤተሰብ እንቁራሪቶች ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው። ለቀስት የዋሉት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ኮሎምቢያ ውስጥ እንጂ ጸሐፊው ባሉት አማዞን ውስጥ አይደሉም። የአማዞን አዳኞች የሚጠቀሙት ኩራሬ የሚባል ከሐረግ የሚወጣ መርዝ ነው። በነገራችን ላይ ከዚያው ኩራሬ የወጣው መድኃኒት እ.ኤ.አ ከ1942 ጀምሮ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የታማሚን ጡንቻ ለማላላት አገልግሏል።

እንቁራሪቷ መርዙን ራሷ አትሠራውም፤ ከምትበላቸው ጉንዳኖችና ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት ታጠራቅመዋለች። ሰው ቤት ተወልዳ የፍራፍሬ ዝንብ እየበላች ካደገች መርዝ የላትም። ያ ሁሉ የሚያስፈራ ቀለም ይቀራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ደግሞ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አባት ልጆቹን ያዝላል። እንቁላሉ ሲፈለፈል ሕፃናቱን ጀርባው ላይ ለጥፎ ይሄዳል። ዛፍ ላይ በቅጠል መካከል የተጠራቀመች ውሃ እስኪያገኝ ይዞራቸዋል። ቁመቱ የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ዛፉ ግን ዛፍ ነው።

አናኮንዳ። ሰው ስለመዋጡ የተረጋገጠ አንድም ታሪክ የለም። ሰው የዋጠው ዘንዶ በኢንዶኔዥያ የሚገኘው ነው፤ ሌላ ዝርያ፣ ሌላ አህጉር። እ.ኤ.አ በ2017 ሱላዌሲ ደሴት ላይ አንድ ሰው፣ በ2018 ሙና በምትባል ደሴት አንዲት ሴት በዚህ ዘንዶ ተውጠዋል። ሁለቱም አሳዛኝ ናቸው፤ አላቃልላቸውም። ግን የት እንደተከሰቱ ልብ በሉ። አንዱ የፓልም ዘይት እርሻ ላይ፣ ሌላው ጓሮ አትክልት ውስጥ ነው። ጸሐፊው «ገብተው የማይወጡበት» ያሉት ጥልቅ ደን ውስጥ አይደለም።

«በአውሬ የተጨናነቀ» የሚለውንም ጥቂት ልበልበት። አማዞን የገባ ሰው ትልቁ ቅሬታው ምንም አለማየቱ ነው። አብዛኛው ሕይወት ያለው ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ፣ የዛፎቹ ጫፍ ላይ ነው። እታች ጨለማ፣ ሙቀትና የነፍሳት ጩኸት ነው። ማናውስ ከተማ አጠገብ በተደረገ የታወቀ ጥናት፣ የደኑ እንስሳት ሁሉ በአንድ ላይ ቢመዘኑ ከክብደታቸው ሲሶ ያህሉ ጉንዳንና ምስጥ ሆኖ ተገኝቷል። ፓናማ ውስጥ ደግሞ ቴሪ ኧርዊን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የአንድ ዓይነት ዛፍ 19 ግንዶችን በፀረ ነፍሳት ጭስ አጠነ። ከሥር በተዘረጋው ላይ የወረደው የጢንዚዛ ዓይነት ብቻ ከሺህ በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ በ1982 ይህን ሲያሳትም ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ደነገጡ። የዝናብ ደን አውሬ ጃጓር ነው ካሉ ተሳስተዋል፤ ጢንዚዛ ነው። ግን ጢንዚዛ ሽፋን ላይ ቢወጣ ማን ያነባል?

የቀረው መዝጊያቸው ነው። «ደግነቱ እኛ አገር እንዲህ ያለ ጫካ የለም።»

ካፋን ምን አሉት? ሸካን? ያዩን? ባሌ ተራሮች ሥር ያለውን ሐረናን? እርግጥ እነዚህ እንደ አማዞን ቆላማ አይደሉም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያሉ ቀዝቀዝ ያሉ ደኖች ናቸው። ግን በሞቃታማው የምድር ክልል ውስጥ ናቸው፣ ዝናቡም ብዙ ነው፣ ዛፉም ሐረግ ለብሶ ፀሐይ ይከልላል። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። ጠዋት የምንጠጣው ቡና አሁንም ከዛፍ ሥር ዱር ሆኖ ይበቅልባቸዋል።

እንስሳቱም አሉ። ጉሬዛ ነጭ ካባውን እያንዘረዘረ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኘው የባሌ ጦጣ ከስሎዝ ባልተናነሰ ግትርነት ኑሮውን በቀርከሃ ቅጠል ላይ መሥርቷል። ጥርኝም አለ፤ ዝባዱ ለሽቶ የሚፈለግ፣ ስሙ በየተረቱ የሚጠራ። ሌሊት ሌሊት እሸት ቡና ይበላና ፍሬውን በኩሱ ይዘራል። ከታምባኪ ጋር ሙያቸው አንድ ነው፤ አንዱ በውሃ፣ ሌላው በእግር።

አሁን ወደዚያ ፎቶ ልመለስ ብዬ ነበር። አንበሳ የሣር ሜዳ እንስሳ ነው ብያለሁ፤ በአብዛኛው እውነት ነው። ሐረና ደን ውስጥ ግን ጎፈሬያቸው የጠቆረ አንበሶች ይኖራሉ። ካፋም ውስጥ እ.ኤ.አ በ2012 አንበሳ በፎቶ ተይዟል፤ ያውም ጥቅጥቅ ባለው የዝናብ ደን ውስጥ። ፎቶው በወጣ ጊዜ ዜናው በውጭ አገር ጋዜጦች ሳይቀር ዞሯል። የአካባቢው ሰዎች ግን ቀድሞውኑ ሲናገሩት የነበረ ነገር ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ያንን የሽፋን ፎቶ መጣል አያስፈልጋቸውም። ከሥሩ «አማዞን» የሚለውን ሰርዘው «ሐረና» ብለው ቢጽፉበት ይበቃል። የእህቴን ልጅ እንዲህ አልኩት። ፎቶውን እንደገና አጎላና አየው። «ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ።